በራስሽ ቃል

ሸዋ ሮቢት
ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጎረቤቴ ለሐምዲያ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ለወጉ ያህል ሳይሆን በደንብ ይድረስሽ። ደብዳቤሽን ሾፌሩ ሰይፉ ቅዳሜ አምጥቶ ሰጠኝ። ማሾ ጭኖ ወደ ጅቡቲ ሲያልፍ ሎግያ ላይ ስለሚያድር ከእንግዲህ ፖስታ ቤታችን እሱ ነው ብያለሁ። ስልክ ይሻል ነበር እንዳልል፣ ጆሮሽ ከደከመ ወዲህ ከአንቺ ጋር በስልክ ማውራት ለሰፈሩ ማወጅ ሆኗል። ባለፈው "ደህና ነሽ ወይ?" ብዬ ስጮህ በባጃጅ የሚያልፍ ሰው "ደህና ነኝ" ብሎ መለሰልኝ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። ሱቅሽን የተከራየው ልጅ ሞባይል ጠጋኝ ነው። መደርደሪያሽን አልነቀለውም፤ ጨርቅ በነበረበት ላይ የስልክ መሸፈኛ ደርድሮበታል። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሙዚቃው ግን ግድግዳ ያልፋል። ሙቀቱ እንደምታውቂው ነው፤ ጥቅምት ነው ብሎ የሚያዝንልን የለም። ሽንኩርት ዘንድሮ ረክሶ ገበሬው አንገቱን ደፍቷል፤ ማሾው ይሻላል ይላሉ።

የልጅሽን የአንዋርን መቃብር የመካነ መቃብሩ ጠባቂ አብዱልሃዲ ዙሪያውን በእሾህ አጥሮታል፣ ከብት አይገባበትም። እኔ ከመንገዱ ሆኜ አየሁት። የክረምቱ ጎርፍ አልነካውም። ይህን ስትሰሚ ትንሽ እንቅልፍ ይወስድሽ ይሆናል ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

መጨረሻ ላይ ያሰፈርሽውን ጥያቄም አንብቤዋለሁ። መልሱ ረዘም ስለሚል፣ ሰይፉም ሞተሩን አስነሥቶ እየጠበቀኝ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ከሐዘንሽ ወዲህ ቤቷ የወሰደችሽን ልጅሽን ኑርሃንን ሳሚልኝ።

ንግሥት


ሎግያ
ጥቅምት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንግሥት፣

አላህ ደግ ደጉን ያሰማሽ። ሰይፉን ጠየቅሁት። ሞተሩን አላስነሣም ነበር፤ ምሳውን እየበላ ነበር።

እኔ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነው፣ የቀረው ማሟያ ነበር። አንቺ ማሟያውን ሁሉ መልሰሽ አንዱን ተውሽው። ሽንኩርት ረከሰ አልረከሰ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ስለዚህ እንደገና እጽፈዋለሁ፣ በትልልቁ። ሊያን የቀበርሽ ጊዜ አንቺ እንዴት ተነሣሽ? ምን ይዘሽ ተነሣሽ?

ሠላሳ ዓመት ገደማ ግድግዳ ተጋርተን ሸጠናል። እኔ ስሰግድ አንቺ ሱቄን ትጠብቂልኛለሽ፣ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ እኔ የአንቺን። ሱቅ የከፈትን ሰሞን "ሃይማኖት ከመካከላችን አናስገባ" ያልሽው አንቺ ነሽ። ተስማማሁ፣ ጥሩም ነበር፣ አንድ ቀን አልተጣላንም። አሁን ግን አልጠቀመኝም። ልጅሽን ወባ በሳምንት ወስዶብሽ፣ አርባዋን አውጥተሽ ሱቅ ስትከፍቺ አይቼሻለሁ። ማዘንሽ ያስታውቃል። በረንዳው ላይ ስትቀመጪ ግን ሰው የምትጠብቂ ትመስዪ ነበር። እኔ አንዋር የጣርማ በር ቁልቁለት ላይ መኪናው ተገልብጦ ካለፈ ወዲህ መንገድ ሳይ መንገድ ብቻ ነው የሚታየኝ።

እዚህ ሰው ሁሉ "ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ አታልቅሺ" ይለኛል፣ አደረግሁ። እስከ ዛሬ አንድ እንባ አልወጣኝም። ለቀስተኛው "ምን ያለች ጠንካራ" እያለ ሄደ። ጥንካሬ አይደለም ንግሥት፣ ደርቄ ነው። ምግብ አይወርድልኝም። ኑርሃን እንደ ሕፃን በማንኪያ ልታጎርሰኝ ትታገላለች።

ሌላም አለ፣ ልናገረው። ሊያ የሞተች ጊዜ መጥቼ "እግዜር ያጥናሽ" አልኩሽ። የእናንተ ሰው የሚለውን ነው ያልኩሽ። አንዋር የሞተ ጊዜ አንቺ መጥተሽ "አላህ ያጥናሽ" አልሽኝ። የአገራችን ወግ ነው፣ ደግ ወግ ነው። ግን ተዋውሰን ቀረን። እኔ የአንቺን ቃል፣ አንቺ የእኔን። አሁን በራስሽ ቃል ንገሪኝ። "እሱ ያውቃል" ብለሽ እንዳትጽፊልኝ፤ እሱ እንደሚያውቅማ አውቃለሁ፣ የጠየቅሁት አንቺን ነው።

ሐምዲያ


ሸዋ ሮቢት
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐምዲያዬ፣

ስለ ሰይፉ ሞተር ይቅርታ። አፉን የማይዘጋ ሾፌር ነው።

መልስሽን ደጋግሜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። አንዱ ስብከት ሆነብኝ፤ ሌላው እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ነፍስ የለውም። ስለዚህ መልሱን ትቼ ፍርሃቴን ልጻፍልሽ፣ እሱ እንኳ አላስቸገረኝም።

ዘመኑን ታውቂዋለሽ። ገበያ ላይ ሰው ግራ ቀኙን አይቶ ነው የሚያወራው። ሁለታችን አንድ በረንዳ ላይ መቀመጣችን ራሱ ለአንዳንዱ ወሬ ነበር። ይህ ደብዳቤ የማይሆን ሰው እጅ ቢገባ "ክርስቲያኗ ሐዘንተኛ አሮጊት አግኝታ ሃይማኖት ልታስቀይር ነው" ይባላል። አሮጊት የሚሉሽ እነሱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም።

የንስሐ አባቴን መምሬ ከበደን አማከርኳቸው። "ልጄ፣ እምነት በኑሮ ነው የሚታየው፣ አፍ አያስፈልገውም" አሉኝ። ተገላገልኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የግቢው በር ላይ ስደርስ ጥያቄሽ ትዝ አለኝ። ኑሮዬንማ አይተሻል፤ አይተሽው ነው እኮ የጠየቅሽኝ። እሳቸው ዘንድ ተመልሼ ይህን ልላቸው አስቤ አፈርኩ።

ዋናው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። ሊያ የለችም። አባቷም ካረፈ ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ ስሜን በቁልምጫ የሚጠራኝ አንድ ሰው ነበረኝ፣ እሱም ከግድግዳው ወዲያ ነበር። የማምነውን ስጽፍልሽ ከእምነትሽ ጋር የሚጋጭ ነገር ይኖርበታል። አለሳልሼ ብጽፈው ውሸት ይሆናል። አንብበሽ "ለካ ይህን ሁሉ ዓመት ስትስቅልኝ በልቧ እንዲህ ነበር የምታስበው" ብለሽ ብትርቂኝስ? ሐምዲያ፣ አንቺን ካጣሁ ማንም የለኝም። ስለ ሽንኩርት የምጽፈው ለዚህ ነው።

ደብዳቤዬን ማን ነው የሚያነብልሽ? ኑርሃን ናት ወይስ ባሏ? ይህን ብቻ ንገሪኝ። ፓፓያ ልኬያለሁ፤ ሰይፉ መንገድ ላይ ካልቀነሰው ሙሉ ከረጢት ነው።

ንግሥት


ሎግያ
ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንግሥት፣

ራሴ ነኝ የማነበው። መነጽር ገዝተውልኛል። መሠረተ ትምህርት አብረን ተምረን የተሸለምኩት እኔ እንደሆንኩ ረሳሽው? የኑርሃን ባል የሰው ደብዳቤ አይነካም።

ፍርሃትሽን ሰማሁ። እውነትሽን ነው፣ ልቀየም እችላለሁ። አልቀየምም ብዬ አልምልልሽም፤ ምን እንደምትጽፊ በምን አውቃለሁ?

አሁን ደግሞ የእኔን ስሚ። ኑርሃን ሐኪም ቤት ወስዳኝ ነበር። ሐኪሙ "በሽታ የለባትም" ብሎ መለሰን። በሽታ የሌለበት ሰው ከአልጋው መነሣት ያቅተዋል? ለሶላት ቆሜ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለሁ ይጠፋኛል። ባለፈው ኑርሃን አጠገቤ ቁጭ ብላ "እማ፣ እኔም እኮ ልጅሽ ነኝ" አለችኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለም።

አንቺን ያነሣሽ ነገር ካለ፣ ጎረቤትሽ ተኝታ እየለመነችሽ ከደበቅሽኝ፣ እኔ የምቀየመው ያኔ ነው።

ፓፓያው ደርሷል። ልጆቹ በሉት።

ሐምዲያ


ሸዋ ሮቢት
ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐምዲያ፣

ዛሬ ሰላምታዬ አጭር ነው። ካስረዘምኩት ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ሊያን የቀበርናት የካቲት ላይ ነው። ሰው ሲያስለቅሰኝ አለቀስኩ፣ ብዪ ሲሉኝ በላሁ። ልቤ ግን በእግዚአብሔር ላይ ተዘግቶ ነበር። ይህን ለመምሬ ከበደም አልተናገርኩም። ለጸሎት ስቆም አፌ ይላል፣ እኔ የለሁበትም። በውስጤ የምለው "ልጄ በትኩሳት ስትቃጠል የት ነበርክ?" ነበር። ጠንካራ መስዬ ታይቼሽ ከሆነ ያን ጊዜ አላየሽኝም ማለት ነው። በሬን ዘግቼ ነበር።

የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን የሄድኩት ለመጸለይ አይደለም። ለአርባዋ የመጣው ዘመድ አልሄድ ብሎ ቤቱ ጠቦኝ ነው። ከሴቶቹ ኋላ ቆምኩ። የዕለቱ ንባብ ስለ ሁለት እህቶች ነበር። ወንድማቸው ታሞ ወደ ጌታችን መልእክት ይልካሉ፤ እሱ ወዳጃቸው ነው፣ ይወዳቸዋል፤ ግን ቶሎ አይመጣም። ሲመጣ ወንድማቸው ተቀብሯል፣ ቤቱ ለቀስተኛ ሞልቶታል። እህቶቹ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ምነው ቀድመህ ብትደርስልን፣ ወንድማችንን ባላጣነው አሉት። የእኔን ነገር ነበር የተናገሩት። አልተቆጣቸውም። መቃብሩን አሳዩኝ አለ። ከዚያ አለቀሰ።

ያን ንባብ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሟቹን ከመቃብር እንደሚጠራው አውቃለሁ። እሱም ያውቃል። ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ ለምን አለቀሰ? ይህን ከዚያ በፊት ጠይቄ አላውቅም። ዝም ብሎ ሊያስነሣው ይችል ነበር። "አታልቅሱ፣ የማደርገውን አውቃለሁ" ሊላቸው ይችል ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ከሴቶቹ ጋር አለቀሰ። ሐምዲያ፣ የት ነበርክ ስለው የነበረው ጌታ እኔው ቤት ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አልተጽናናሁም ነበር፤ ፊቴ አብጦ ነው የወጣሁት። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ሰኞ ሱቅ ከፈትኩ።

አሁን የምፈራውን ልጻፍ። እናንተ ዒሳን ነቢይ ትሉታላችሁ፣ ታከብሩታላችሁም። እኔ አምላኬ ነው የምለው። ስለ እኛ ሰው የሆነ አምላክ ነው፣ ተሰቅሎ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ ብዬ አምናለሁ። በዓል ሲመጣ ብቻ አይደለም፤ ጠዋት የሱቄን ቁልፍ ስከፍትም የማምነው ይህንኑ ነው። እሱ ከተነሣ የእኔም ልጅ ትነሣለች። ሰው የምትጠብቂ ትመስዪ ነበር አላልሽኝም? አልተሳሳትሽም። እሷን ነው የምጠብቀው።

ይህን ለእስላም ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሃይማኖትሽን ተዪ አላልኩሽም። ያነሣኝን ጠየቅሽኝ፣ ያነሣኝ እሱ ነው። ለአንቺም ከአንዋር ቀብር ወዲህ ጠዋት ጠዋት በዚያው በእሱ ስም እጸልያለሁ። ሳልነግርሽ ማድረጌ ይከብደኝ ነበር፣ አሁን አወቅሽው።

በራስሽ ቃል ብለሽኛል። እንግዲያው መድኃኔዓለም ያጥናሽ።

ንግሥት


ሸዋ ሮቢት
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሐምዲያ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ኑርሃንና ልጆቿስ? እኔ ደህና ነኝ።

መንገዱ ተዘግቶ ሰነበተ። ያን ሰሞን "መንገድ ነው" ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከተከፈተ ወዲህ ግን ሰይፉ ወደ እናንተ ወርዶ ተመልሷል፣ ከአንቺ ምንም አልያዘም። ዛሬ ሱቄ ድረስ አስጠርቼ መረመርኩት። "በእጇ ሰጥቻታለሁ" አለኝ። "በር ላይ ቆማ ማንበብ ጀመረች፣ መሐል ላይ ስትደርስ አጥፋው ገባች፣ ብጠብቅ ብጠብቅ አልወጣችም። ኋላ ልጅቷ መጥታ መልስ የለም አለችኝ።"

ገብቶኛል። በሐዘንሽ ላይ ሌላ ሐዘን ጨመርኩብሽ። የተኛ ሰው ጋ ሄዶ የራስን ሃይማኖት ማውራት ምን የሚሉት ጎረቤትነት ነው? መምሬ ከበደ ዝም በይ ብለውኝ ነበር፣ መስማት ነበረብኝ። ከሰይፉ ጋር ከተነጋገርኩ ወዲህ ወንበሬ ላይ አልተቀመጥኩም፤ ሱቁ ውስጥ ዕቃ ሳነሣ ስጥል ነው የዋልኩት።

ይቅር በዪኝ። የታኅሣሡን ደብዳቤ እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው። ያልኩትን ሁሉ አንሥቻለሁ። ቅደጂው ወይም አቃጥዪው፤ ሌላ ሰው እንዳያየው ብቻ። እንደ ድሮው እንሁን። ከእንግዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልጽፍልሽም። ስለ ገበያው፣ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ አንዋር መቃብር እጽፍልሻለሁ። አንቺም "ደርሶኛል" ብቻ በዪኝ፣ ሌላ አልፈልግም።

አላህ ያጥናሽ።

ንግሥት


ሎግያ
የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለንግሥት፣

ከሰላምታ በፊት ተናድጃለሁ፤ መጀመሪያ ይህን እወቂው።

መልስ ያልጻፍኩት ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ሰይፉ እውነቱን ነው፣ በር ላይ ቆሜ ጀመርኩት። "መቃብሩን አሳዩኝ አለ፣ ከዚያ አለቀሰ" የሚለው ላይ ስደርስ ፊደሉ ጠፋኝ። መነጽሩ የቆሸሸ መስሎኝ ጠረግሁት። መነጽሩ አልነበረም። ወላሂ ንግሥት፣ ገብቼ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። አንዋር ከተቀበረ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ሳለቅስ አመሸሁ፣ በማግሥቱም፣ ከዚያም ወዲያ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አዲስ መርዶ የመጣ መስሏቸው የሚያለቅሱም ነበሩ።

ኑርሃን ደንግጣ ሼኹን ጠራች። ሲመጡ ሁሌም እንደሚሉት "ሰብር አድርጊ" አሉኝ። እኔም "ሼኽ፣ ነቢያችን ልጃቸው ሲሞት አላለቀሱም?" አልኳቸው። "አልቅሰዋል እንጂ" አሉ። "ታዲያ እኔን አታልቅሺ ያለኝ ማን ነው?" ስላቸው "ያለሽ ሰው ተሳስቷል፣ አልቅሺ" ብለውኝ ዱዓ አድርገው ሄዱ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩ ነው፤ ግን ለእኔ የተነገረ መስሎኝ አያውቅም። እንድጠይቅ ያደረግሽኝ አንቺ ነሽ።

ከዚያ በኋላ ራበኝ። ኑርሃንን "ምግብ አምጪ" ስላት ሳህኑን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለች። አቀፍኳት። እኔም ልጅሽ ነኝ ያለችኝን አልረሳሁትም ነበር። ምን እንዳልኳት አልጽፍልሽም፣ የእኔና የእሷ ነው።

አሁን ስለ ደብዳቤሽ። የአንቺን ጌታ እኔ አምላክ አልለውም። ነቢይ ነው። አላህ አንድ ነው፣ ላኢላሃ ኢለላህ እንዳልኩ ነው የምሞተው። ይህን ግልጽ አድርጌ ጻፍኩልሽ፣ አንቺም ግልጽ አድርገሽ ስለጻፍሽልኝ። ተቀይሜሽም ነበር፤ ሰው የሆነ አምላክ ያልሽው ላይ አንድ ቀን ሙሉ ተቀየምኩ። አላለሳለስሽውምና ቂሙም ቶሎ አለፈ። ትንሣኤውንም እኛ ቂያማ እንላለን፣ እሱ እንግዳ አልሆነብኝም። እንግዳ የሆነብኝ ሌላ ነው። ሊያስነሣው እያወቀ አለቀሰ ያልሽውን እያሰብኩ እተኛለሁ፣ እያሰብኩ እነሣለሁ። የገባኝ አይመስለኝም። ግን አልተውኩትም።

መልሴ የዘገየው ለዚህ ነው። አንቺ ደጋግመሽ ቀድደሽ ለጻፍሽው ነገር የአንድ ቀን መልስ መላክ አሳፈረኝ። ዘንድሮ ጾማችን ተከታትሎ ይገባል፤ ከዚያ በፊት እጨርሰዋለሁ ብዬ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩ ሳለ ሰይፉ የጥር ወር ደብዳቤሽን አመጣልኝ።

ሠላሳ ዓመት አብሬሽ ተቀምጬ ያን ደብዳቤ የጻፈችውን ሴት አላውቃትም ነበር። በታኅሣሥ ተዋወቅኋት። በጥር ደግሞ ሞታለች ብለሽ ላክሽብኝ። ስንት ሰው ልቅበር ንግሥት? ያልበደለ ሰው ይቅርታ አይጠይቅም። ለጠየቀ ሰው የሰጡትንም ተመልሰው አይወስዱም። እጸልይልሻለሁ ማለትሽንስ አብረሽ አነሣሽው? ማን ፈቀደልሽ?

ስለዚህ የጥር ወር ደብዳቤሽን በዚሁ ፖስታ ውስጥ መልሼልሻለሁ፣ የእኔ አይደለም። የታኅሣሡ ግን የእኔ ነው፣ አልቀድደውም፣ አላቃጥለውም። እሱን የጻፈችው ሴት ትጻፍልኝ።

ሐምዲያ